«ረጋ» የማይባልበት ስልክ

ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ልጄ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ «እማዬ፣ እንዳትቀየሚ፤ እዚህ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተ ነው፤ ፍቅራቸው ነው» ብላኛለች። እኔ ግን ደቅ ደሴት ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አርጅቼ የመጣሁ ሰው ነኝና፣ የጎረቤታችን ልጅ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ጥሩዬ! ረጋሽ ወይ? ድሬ ተስማማሽ?» ያለችኝ ዕለት ሁለት ጊዜ ደነገጥሁ። አንደኛው ድንጋጤ በአንቺታው ነው፤ እሱ ቶሎ አለፈ። አሁንማ ደስ ይለኛል፤ በልጅነቴ የሚጠሩኝ ሰዎች ሁሉ ተነሥተው የጠሩኝ ይመስለኛል። ሁለተኛው «ረጋሽ» በሚለው ቃል ነው።

ይህን ቃል በሥራዬ ስልክ ላይ እንዳላነሣ ተከልክዬ ነው የኖርሁት። ረጋ ማለት በእኛ አገር ብዙ ነገር ነው። ወተት ይረጋል፤ የተቆጣ ሰው ይረጋል፤ ማዕበል የመታው ሐይቅ ይረጋል፤ ሙሽራ በአዲስ ቤቷ ትረጋለች። ደምም ይረጋል። ለሐይቁና ለሙሽራዪቱ መርጋት ጤና ነው፤ ለደም ግን እንደ ቦታው ነው። ቁስል ላይ ሲረጋ ያድናል፣ ደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ይገድላል። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ፤ የደም መርጋትን ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቃሉን የከለከሉኝ ሰው ደግሞ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው እንዴት በሕይወት እንዳሉ ለመናገር ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ጢስ ዓባይ ነበር። ጤና ጣቢያው አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረችው፤ በመስታወቷ የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰበች የምታሳይ፣ ደመና ሲመጣ ሥራ የምታቆም። የመብራት ማመንጫው ከጎናችን ሆኖ እኛ በፀሐይ ስንሠራ ሰው ይስቅብን ነበር። ኃላፊያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ደመና ባለ ቀን «ዛሬ ወባም ዐርፋለች» ይሉና ታካሚውን ሻይ ያጠጡ ነበር። የወባን ተሐዋሲ በዓይን መለየት የተማርሁት እዚያ ነው። ደመወዙ ለእናቴ ወደ ደቅ ስኳርና ሳሙና ለመላክ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሐይቁን የሚያሳይ አንድ መስኮት ነበረው፤ በዚያ መስኮት ሥር ጋሽ ኑሩ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ጋሽ ኑሩ ቁመታቸው አጭር፣ እጃቸው ትልቅ ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ እያሰገሩና ታንኳ እየሠሩ ከሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች የወጡ ናቸው። አባታቸው ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ቄጠማ እያሰሩ ታንኳ የሚሠሩበትን እጅ ወርሰው፣ ያንኑ ይዘው ላቦራቶሪ ገቡ። እኔ የመጣሁ ዕለት ነጠላዬን፣ በአንገቴ ያለውን ማተብና የቋጠርሁትን የጾም ምሳ አይተው፣ «ምድብሽ ገዳም ነው ወይስ ላቦራቶሪ?» አሉኝ።

«ላቦራቶሪ።»

«እንግዲያው እማሆይ እንልሻለን፤ ሁለቱንም ይሸፍናል።»

ባል አግብቼ፣ ልጅ ወልጄም እማሆይነቴ አልቀረም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «መነኩሲት ማግባቴን ጳጳሱ እንዳይሰሙብኝ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ሥራችን እንዲህ ነው። ደም ሰማያዊ ክዳን ባለው ቲዩብ ይቀዳል፤ ቲዩቡ ውስጥ ደሙ እንዳይጓጉል የሚይዝ ፈሳሽ አለ። በማሽከርከሪያ ይዞርና ቀዩ ወደ ታች ሲሰፍር፣ ላዩ ላይ እንደ ብርዝ ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል፤ ፕላዝማ የምንለው እሱን ነው። ከእሱ ትንሽ በመስታወት ቲዩብ ተወስዶ፣ የሰው ገላ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቅባትነት ያለው መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ቆይቶ ካልሲየም ጠብ ይደረግና ሰዓቱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያለው የእጅና የዓይን ነው። ቲዩቡን ከውሃው እያወጡ ወዲህና ወዲያ ያዘነብሉታል፤ ፈሳሹ መጀመሪያ እንደ ውሃ ይሮጣል፤ ከዚያ በሆነች ቅጽበት አንዲት ነጭ ክር ትታያለች፤ ወዲያው ክሯ መረብ ትሆናለች፣ መረቡም ፈሳሹን ይይዘዋል። ሰዓቱ የሚቆመው ክሯ ስትታይ ነው።

እኔ እጄ ፈጣን ነበር። ጋሽ ኑሩ አዩኝና ሳቁ።

«ሽሮ እያማሰልሽ ነው እንዴ? አባቴ አዲስ ታንኳ ውሃ ላይ ሲያወርድ እንዴት እንደሚያደርጋት ላሳይሽ። እንዲህ፣ ቀስ። እሷ ናት የምትነግረው፤ እሱ አይጠይቃትም። ቶሎ ቶሎ ካዘነበልሽው ክሩ ሳይያዝ ይበጠሳል። ከዚያ አንቺ ዘገየ ብለሽ በሰው ደም ላይ ትመሰክሪያለሽ።»

ሰዓቱን ከማንሣታቸው በፊት ሁልጊዜ ቢስሚላህ ይላሉ። የውሃውን ሙቀት ቴርሞሜትሩ እያለ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። ቲዩቡን ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ አዙረው ነው የሚያዩት፤ ከአምፑሉ ይልቅ ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ክሯን ቀድሞ ያሳያል ይሉ ነበር። እኔም ከጊዜ በኋላ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ሥራ ከጀመርሁ ብዙም ሳልቆይ ነው። አንድ ሰው ነስር አልቆም ብሎት ተኝቷል። ደሙ ተልኮልን ስናየው ቲዩቡ ውስጥ ጓጉሏል። እንዲህ ያለ ናሙና አይመረመርም፤ እንደገና ይቀዳል። ስልኩን አንሥቼ ወደ ተኛበት ክፍል ደወልሁ።

«የነስሩ በሽተኛ ደም ረግቷል» አልሁ።

ነርሷ ጮኸች። «ረጋ? እሰይ! እመቤቴ ትመስገን! ከትናንት ጀምሮ ሲያስጨንቀን ነበር እኮ!» ስልኩ ተዘጋ።

ትንሽ ቆይቶ ከላይኛው ፎቅ እልልታ ተሰማ። ጋሽ ኑሩ ከቲዩባቸው ቀና አሉ። «ማን ወለደ?»

ነገሩን ስነግራቸው መርፌና ቲዩብ ይዘው እየሳቁ ደረጃውን ወጡ፤ እኔም እያፈርሁ ተከተልኋቸው። ሰውየው አፍንጫው ላይ ጨርቅ እንደያዘ፣ ዘመዶቹ በአልጋው ዙሪያ ይስሙታል። ጋሽ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ይቅርታ አድርጉልን፤ የረጋው እኛ ጋ ያለው ነው፤ እሱ ላይ ያለው ገና ነው» አሉ።

የሰውየው እናት ተነሡ። «ታዲያ እናንተ ጋ ያለውን መልሱለታ!»

ያን ዕለት ጋሽ ኑሩ ስልኩ ፊት አስቀምጠው ደንቡን ሰጡኝ። «እማሆይ፣ ረጋ የሚባል ቃል ከዚህ ስልክ አይወጣም። ጓጎለ በይ። ጓጎለ ብለሽ እልል የሚልልሽ የለም።»

አንድ ነገር ደግሞ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ፤ ኋላ ይፈለጋል። ምርመራችን ሁልጊዜ የጤነኛ ሰው ፕላዝማ ይፈልጋል፤ የበሽተኛው ከእሱ ጋር ይመሳከራል። የተገዛው ሲያልቅ ከራሳችን እንቀዳ ነበር። ሥጋና ቅቤ የበላ ሰው ፕላዝማ ደፍርሶ ክሯን ይደብቃል፤ የጾመ ሰው ግን ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም የእኔ ክንድ፣ በረመዳን የጋሽ ኑሩ ክንድ ነበር የሚወጋው። ሁለቱ ጾሞች የተገናኙ ዓመት የሁለታችንን ቀላቅለው ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉትና፣ «እዪ፣ እማሆይ፤ በሥጋ ለየብቻችን ነን፤ በፕላዝማ ግን አንድ ገበታ ቀረብን» አሉኝ። እኔ በስመ አብ ብዬ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው፣ ሥራ ጀመርን።

የደልጊዋ መምህርት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

አስናቀች ትባላለች። ትኩሳትና ሳል ይዟት፣ ቫይረስ ነው ተብሎ፣ ትኩሳቱ ሲለቃት እግሯ አበጠ። ባሏ ካሳ ጀልባ ነጂ ነው፤ በራሱ ጀልባ ሐይቁን አሻግሮ አመጣት። ሐኪሙ እግሯ ውስጥ ደም ሳይጓጉል አይቀርም ብሎ ጠርጥሮ፣ ደም ማቅጠኛ ከመጀመሩ በፊት ደሟን እንድናይለት ላከው።

ፕላዝማዋን ጋሽ ኑሩ ራሳቸው አዘነበሉት። ክር የለም። ጠበቅን፤ የለም። በሌላ ቲዩብ ደገሙት፤ ያው ነው። ቆይቶ ቆይቶ አንዲት የደከመች ክር ወጣች። ስልኩን አንሥተው፣ «የመምህርቷ ደም በጣም ዘግይቶ ነው የጓጎለው» አሉ። ያዩትን ነው የተናገሩት። ሐኪሙም በዚያን ጊዜ ማንም ሐኪም የሚያደርገውን አደረገ፤ ደሙ ለመጓጎል የሚዘገይ ሰው ማቅጠኛ ቢጨመርበት ይፈስሳል ብሎ ፈራ፤ መድኃኒቱን አቆየው።

አስናቀች ጨዋታ ትወድ ነበር። ደም ልቀዳ ስሄድ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ እያነሣች ትጠይቀኛለች። «ይቺ ባለ ሰማያዊዋ ምን ታደርጋለች? ይቺ ባለ ቀዩዋስ?» ስነግራት፣ «ስድን ተማሪዎቼን ይዤ መጥቼ እናንተ ላይ እለቃቸዋለሁ፤ ተዘጋጁ» ትለኛለች። አንድ ቀን ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ስታበጥር፣ ደረቴን አለች። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከእግሯ የተነሣ የጓጎለ ደም ሳንባዋን ዘግቶት ነበር።

ካሳ አስከሬኗን ለመውሰድ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ እኛ ወረደ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ በራፉ ላይ ቆመ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

«ደሟ ቶሎ አይረጋም ተብሎ ነበር መድኃኒቱ የቀረባት» አለ። «አሁን ደግሞ የገደላት የረጋ ደም ነው አሉኝ። ላስቸግራችሁ አይደለም፤ ግን አልገባኝም። የማይረጋ ደም እንዴት ረግቶ ይገድላል?»

ጋሽ ኑሩ የያዙትን ቲዩብ አስቀመጡ። «አላውቅም፣ ወንድሜ» አሉ። «ግን እጠይቃለሁ።»

«እንግዲያው ስታውቁት ንገሩኝ» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኑሩ ያልጠየቁት ሐኪም የለም። ከጎንደር የመጣውን ይጠይቃሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጣውን ይጠይቃሉ፤ ለስብሰባ የመጣውን ሻይ ጋብዘው ይጠይቃሉ። የዚያን ጊዜው አለቃችን፣ «ኑሩ፣ ያለቀ ነገር ነው፤ ምን ይሠራልሃል?» ይላቸዋል። እሳቸው፣ «የሰው ጥያቄ ይዤ ነው ያለሁት» ብለው ያልፉታል። እኔ ደግሞ በየማለዳው ጸሎቴ ውስጥ የአስናቀችን ስም አስገባሁ፤ እስካሁንም አልወጣችም።

መልሱ የመጣው ለሥልጠና ከመጡ አንዲት የደም ሐኪም ነው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት። ጋሽ ኑሩን እስኪጨርሱ ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጽንስ ጨንግፎባት ያውቃል?»

ባሏ ሲያመጣት ሁለት ጊዜ እንደጨነገፈባት ነግሮን ነበር።

ሐኪሟ ወንበር ስበው ተቀመጡና አስረዱን። ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት አንቲቦዲ የሚባል መከላከያ ይሠራል። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ከእነዚህ መከላከያዎች ጥቂቶቹ ዞረው በገዛ ሰውነቱ ቅባት ላይ ይለጠፋሉ፤ አንቲፎስፎሊፒድ አንቲቦዲ ይባላሉ። አንዳንዱ ሰው ሳይታመምም አሉበት፤ ሕመም ሲመጣበት ይብስበታል። ሌላው ላይ ከቫይረሱ ጋር መጥተው ከቫይረሱ በኋላ ይሄዳሉ። እኛ በምርመራችን ቲዩቡ ውስጥ የምንጨምረው መድኃኒትም ቅባት ነው። አንቲቦዲው ያንን ቅባት ይይዝብንና ቲዩቡ ውስጥ ያለው ደም ይዘገያል። በሰውየው ደም ሥር ውስጥ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ የሥሩን ግድግዳ ይቆሰቁስና ደሙን ያጓጉላል።

«በብርጭቆ ሰነፍ፣ በሰው ችኩል» አሉ ጋሽ ኑሩ።

«ልክ ነው» አሉ ሐኪሟ። «ለዚህ ነው መቀላቀል ያለባችሁ። የበሽተኛውን እኩሌታ፣ የጤነኛውን እኩሌታ። ደሙ የጎደለው ነገር ኖሮ ከዘገየ የጤነኛው ይሞላለታል፤ ክሩ በሰዓቱ ይወጣል። አንቲቦዲ ካለበት ግን የጤነኛውንም ይይዘዋል።»

ጋሽ ኑሩ መጀመሪያ ያሉት፣ «ደልጊ እንሂድ» ነበር። እኔም በጀልባ አብሬ ሄድሁ። ካሳ ከወደቡ ራሱ ተቀበለን። ቤቱ ወስዶ አስቀመጠንና ጋሽ ኑሩ ሁሉንም ነገሩት፤ ቅባቱን፣ አንቲቦዲውን፣ ብርጭቆውን፣ ሰውነቱን። አላጣደፉትም፤ አንዱ ሲገባው ወደ ሌላው እያለፉ። ካሳ መሬት መሬት እያየ ሰማ።

«እሷም ብትሰማው ደስ ይላት ነበር» አለ ሲጨርሱ። «ያልገባትን ሳትጠይቅ አታልፍም።» ከዚያ ቀና አለ። «አሁን እንደ እሷ ያለ ሰው ቢመጣላችሁ ታውቁታላችሁ?»

«አላህ ካለ እናውቀዋለን።»

«እሺ። ዓሣ ብሉ።»

ጾም ነበር። ጋሽ ኑሩ ዓሣውን፣ እኔ የያዝሁትን ቆሎ ጀመርን። «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም፣ እማሆይ» አሉኝ ሊተናኮሉኝ።

«ደም አለው፣ ጋሽ ኑሩ።»

«ታዲያ ይጓጉል እንደሆነ ልይልሽ?»

ካሳ ሳቀ። ሳቁ እንግዳ ነገር ሆኖበት ኮስተር ብሎ ተመለሰ፤ ግን ሳቀ። ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ስልካችን ላይ ሁለተኛ ደንብ ተጨመረ። ጓጎለ ወይም አልጓጎለም ማለት ብቻ አይበቃም፤ የት? በብርጭቆ ነው ወይስ በሰው? እኛ የምናውቀው የብርጭቆውን ነው፤ የሰውየውን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በስልክ ላይ መገናኘት አለባቸው ይሉ ነበር። የቅልቅሉም ምርመራ የዘወትር ሥራችን ሆነ።

ጋሽ ኑሩ ጡረታ ሲወጡ መቀመጫቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ክሩን በራሱ የሚያይ ማሽን መጣልን፤ ተመስገን ብለን ተጠቀምንበት። የሞቀ ውሃ ገንዳውን ግን ከመስኮቱ ሥር አላነሣሁትም። ወጣቶቹ «የእማሆይ ጸበል» ይሉት ነበር።

ኮሮና ሲመጣ መጀመሪያ ያጣነው ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። የማሽኑ መድኃኒት አለቀ፤ ወደ ጸበሌ ተመለስን። ጭምብላችን ላይ ጭምብል፣ ጓንታችን ላይ ጓንት ደርበን፣ መነጽራችን በትንፋሽ እየተሸፈነ ክር እንፈልግ ነበር። በፍልሰታ ጾም የጋሽ ኑሩ ልጅ ሐያት ደወለችልኝ።

«እትዬ ጥሩዓለም፣ አባዬ በኮሮና ሆስፒታል ገብቷል። ኦክስጅን ላይ ነው። ዱዓ አድርጊለት።»

ጸሎት ላይ ነኝ አልኋት። ከዚያ ደሙ መጣ፤ ቲዩቡ ላይ ኑሩ የሚለውን ሳነብ እንደ ስሕተት ነበር ያየሁት። ያ ስም በጠረጴዛው በዚህ በኩል እንጂ በዚያ በኩል ሆኖ አያውቅም።

የሚያክማቸው ዶክተር መልካሙ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ (ይኸው በጽሑፍ ስሆን ቃሉን ተጠቀምሁበት) የሚጠይቅ ሐኪም። ደወለልኝ። «አንደኛው እግራቸው አብጦ ይሞቃል። ከአፍንጫቸው ደግሞ ትንሽ ደም አይቻለሁ። ማቅጠኛውን፣ ሄፓሪንን፣ በሙሉ መጠን ልስጥ ወይስ ያፈስሳቸዋል? ሳልጀምር ያስቀዳሁት ደም ነው የላክሁልዎ። እጠብቅዎታለሁ።»

ፕላዝማቸውን በሞቀው ውሃ ነከርሁት። በስመ አብ አልሁ። ከዚያ የእሳቸው ቢስሚላህ የሚወስደውን ያህል ዝም አልሁ፤ ቦታውን ጠበቅሁላቸው። ሰዓቱን አነሣሁ።

ክር የለም። አዘነበልሁ፤ ቀስ፤ የለም። መስኮቱ ላይ ሐይቁ እያብረቀረቀ፣ ቲዩቡ ውስጥ ፈሳሹ እንደ ውሃ ይሮጣል። አስናቀችን አየኋት፤ ማበጠሪያ ይዛ።

«ዶክተር፣ በጣም ዘግይቷል» አልሁት።

«ስለዚህ ልተወው?»

«በብርጭቆ ነው የዘገየው። በሰውየው ገና አላውቅም። ቅልቅሉን ልሥራ።»

«እሱን ልጠይቅዎ ነበር። ይፍጠኑልኝ፤ ትንፋሻቸውም እያጠረ ነው።»

መፍጠን አልተቻለም። አስቀምጠነው የነበረው የጤነኛ ሰው ፕላዝማ መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ተበላሽቷል። ከባልደረቦቼ አብዛኛዎቹ ታመው የተነሡ ናቸው፤ የእነሱ አይሆንም፤ በእነሱም ደም ውስጥ ያው አንቲቦዲ ሊኖር ይችላል። ያልታመምነው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነበርን። ሁለታችንም ጾመኞች ነን። ክንዳችንን ሰጠን፤ ደሙን አዙረን ፕላዝማውን ወሰድን፤ እንደ ጥንቱ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ የእኛን ብቻ አየሁት፤ ክሩ በሰዓቱ ወጣ። ከዚያ እኩሌታ የእኛን፣ እኩሌታ የእሳቸውን አደረግሁት። «አንድ ገበታ ቀረብን» አልሁ በልቤ። እጄ ሊፈጥንብኝ ነበር፤ ያዝሁት።

አልተስተካከለም። የእኛም ደም በእሳቸው ተይዞ ቆመ። ክር ስላጣሁ ያመሰገንሁት በዕድሜዬ ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ በብርጭቆ አልጓጎለም፤ የጤነኛውንም ይዞታል። በሰውየው ይጓጉላል ብዬ ነው የምፈራው።»

«እኔም የማየው ያንኑ ነው። እጀምራለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ።

በቀጣዮቹ ቀናት ሐያት በር ላይ ቆማ እኔ ስወጣ ትጠብቀኛለች። እኔ የብርጭቆውን እንጂ የሰውየውን አላውቅም፤ ያው መጠበቅ ነው። ከሥራ ስወጣ ደብራችን ግቢ ቅጥሩን ተደግፌ እጸልያለሁ፤ ከወዲያ ማዶ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ እሱም ስለ እሳቸው የሚለምን ይመስለኛል። አንድ ቀን ሐያት እየሮጠች መጣች። «ተቀመጠ! ሾርባው ጨው የለውም ብሎ ተቆጣ!» ከተቆጡ ዳኑ አልሁ።

ግን አላለቀም። ዶክተር መልካሙ ሲያሰናብታቸው እንዲህ አላቸው፤ አንቲቦዲው ከቫይረሱ ጋር የመጣ እንደሆነ ከሦስት ወር በኋላ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ግን ማቅጠኛው የዕድሜ ልክ ነው፤ እግሩ ላይ የሆነውም ነገ ሌላ ቦታ ሊመጣ ይችላል። የሦስት ወሩ መድኃኒት ሲያልቅ ለምርመራ የመጡት በነቢያት ጾም፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ልሰናበት በተዘጋጀሁበት ሰሞን ነው። ባልደረቦቼ ኬክ አዝዘው የጾም ነው ብለው ይምሉልኛል። ጋሽ ኑሩ ከዘራ ይዘው፣ ከስተው ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ በወዲያኛው፣ በታካሚው ወንበር ተቀመጡ።

«መርፌዋን ቀስ፣ እማሆይ።»

«እርስዎ አስተምረውኝ ነው እኮ!»

«ለዚያ ነው የፈራሁት።»

ደማቸውን ቀዳሁ፤ አዞርሁ፤ ነከርሁ። በስመ አብ አልሁ። እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፤ በራሳቸው ድምፅ። ቲዩቡን አላዩም፤ ሐይቁን ያዩ ነበር። የከዘራውን ራስ የያዘው ያ ትልቅ እጅ ግን ከእኔ እጅ ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ ወዲህ፣ ወዲያ።

ክሩ ወጣ። በሰዓቱ።

ደገምሁት። በሁለተኛውም ቲዩብ በሰዓቱ ወጣ፤ አንቲቦዲው ሄዷል ማለት ነው። ዓይኔ ስለፈሰሰ መነጽሬን አወለቅሁ።

«ምን አለ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ጓጉሏል።»

«የት?»

«በብርጭቆ።»

«በሰውየውስ?»

ያን ጊዜ ነው የኖርሁበትን ደንብ የተላለፍሁት። «በሰውየው ረግቷል፣ ጋሽ ኑሩ፤ እንደ ሐይቁ» አልሁ።

ቀስ ብለው ዞሩ። ወጣቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ቆመዋል። ጋሽ ኑሩ አንድ በአንድ አዩአቸውና፣ «ታዲያ እዚህ ቤት እልል የሚል ጠፋ?» አሉ።

እልልታው ላይኛው ፎቅ ድረስ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ፤ አንዲት ነርስ ናት። «ማን ወለደ?» አለችኝ። በዚያ ስልክ ያነጋገርሁት የመጨረሻ ሰው እሷ ናት።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ልጄ ብቻሽን አልተውሽም ብላ ወደ ድሬዳዋ አመጣችኝ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው። ግን ማለዳ ስነሣ ዓይኔ ውሃ ይፈልጋል፤ ያለው የደረቀው ወንዝ አሸዋ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ቤት እንደተመለስሁ ጋሽ ኑሩ ደወሉ።

«እማሆይ፣ ረጋሽ ወይ?»

«በስልክ አይባልም አላሉኝም?»

«ስልኩ የእኔ ነው። ረጋሽ ወይ?»

«ክሩ ገና ነው፣ ጋሽ ኑሩ።»

«ውሃው ሞቋል?»

«ድሬዳዋ እኮ ነው! ከገላ ሙቀትም ያልፋል።»

«እንግዲያው ይወጣል። አንቺ ብቻ እጅሽን አታፍጥኚ።»

ይህን እያሉ አጥሩ ላይ ያቺ ልጅ ብቅ አለች። «ጥሩዬ! ኧረ ጥሩዬ! ነይ ምሳ ቀርቧል፣ የጾም ነው!»

«ማናት በአንቺ የምትጠራሽ?» አሉ ጋሽ ኑሩ።

«ጎረቤቴ ናት።»

መልሴን እንደ ቲዩብ ወዲህና ወዲያ ሲያዘነብሉት ታየኝ፤ ወደ መስኮቱ አዙረው።

«ታዲያ ክር ማለት ሌላ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ሂጂ፣ አቤት በያት።»

አቤት አልሁ።